ጥጡ እስኪጠጣ ድረስ

ኤቫንቲያ በግሪክ አገር፣ በካቫላ ወደብ ላይ ባለችው ኪዮስኳ ውስጥ ስትቀመጥ ጀርባዋን የምትሰጠው ለሲጋራ ነው። ቀዩ ፓኬት፣ ነጩ ፓኬት፣ ቀጭኑ፣ ረጅሙ፣ ከወገቧ ጀምሮ እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድሯል። ገዢው የሚፈልገውን ስም ጠርቶ ሳይጨርስ እጇ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ዓይኗ ሳያይ፣ የተባለውን ይዞ ይመለሳል። ከሸጠችው እኩል አጭሳለች እያለ ባለታክሲው ስትራቶስ ያማታል። ውሸት ነው፤ ግን ከእውነቱ በጣም የራቀ ውሸት አይደለም።

ይቺ ሴት ናት እንግዲህ ሲጋራ አፌ አይገባም ብላ የተሳለችው።

ነገሩ የመጣው በታላቅ እህቷ በሞርፉላ ልብ ምክንያት ነው። ሁለቱ፣ ባሎቻቸው ከሞቱባቸው ወዲህ፣ ላይኛው ሰፈር የእናታቸውን ቤት ተጋርተው ይኖራሉ፤ ጠዋት ይጣላሉ፣ ማታ ይታረቃሉ። በጸደይ ወራት የሞርፉላ ልብ ደከመና ተሰሎንቄ ተወስዳ ደረቷ ተከፈተ። ኤቫንቲያ በሆስፒታሉ ግቢ ጥግ ቆማ አንዱን ሲጋራ በሌላው እየለኮሰች ጠበቀች። ቀኑ ጋመ፣ ከሰዓት ሆነ፣ ወጥቶ አንድ ነገር የሚነግራት ሰው ጠፋ። ያኔ ጣቷ መሃል ያለውን አየችና፣ እመቤቴ እሷን መልሽልኝ፣ ይሄ የመጨረሻዬ ይሁን ብላ ሲጋራውን በጫማዋ ረገጠችው። ሞርፉላ ተመለሰች።

እዚያ ላይ ዝም ብትል ጥሩ ነበር። እሷ ግን ለእህቷ ነገረቻት፤ ለሞርፉላ የተነገረ ደግሞ ለዓሣ ገበያው በሙሉ እንደተነገረ ይቆጠራል። በሳምንቱ ሰፈርተኛው ሁሉ በኪዮስኩ በኩል ሲያልፍ አንገቱን እያሰገገ ጣቷን ያያል። ሞርፉላም አላረፈችም፤ አንጥረኛ ዘንድ ሄዳ መዳፍ የማትሞላ ከብር የተሠራች ልብ አሠራች። በነሐሴ፣ በእመቤታችን በዓል ቀን፣ እህትማማቾቹ አብረው ቤተ ክርስቲያን ወጥተው ያቺን ልብ ከሥዕሉ ሥር ሊሰቅሉ ተስማሙ።

ስለቷን ካፈረሰች የብሯ ልብ መሳቢያ ውስጥ ትቀራለች። ኤቫንቲያ ዋሽታ የምትሰቅል ሴት አይደለችም። እመቤታችን በአንድ ሲጋራ ተቀይማ የሰው ልብ ታቆማለች ብላ አታምንም፤ ግን ልትሞክረውም አልፈለገችም።

ሲጋራ የተወ ሰው ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። ማስቲካ ለጠየቃት የአውቶቡስ ቲኬት ሰጠች። ውሃ ለጠየቃት ጋዜጣ አቀበለች፣ ሰውዬው ሲያርማት ደግሞ ተቆጣችው። ቤት ገብታ በሰሃን አቀማመጥ ተጣላች። የሞርፉላ ሐኪም ይህንን ሲሰማ፣ ከሁሉም የሚሻለው ምንም አለማጨስ እንደሆነ፣ ተመልሳ ሲጋራ ላይ ከምትወድቅ ግን ቬፕ የሚሉትን በባትሪ የሚሠራ ማጨሻ ብትይዝ እንደሚመርጥ፣ እሱንም ቀስ በቀስ መተው እንዳለባት ነገራት።

ኤቫንቲያ ዕቃውን ከመግዛቷ በፊት ኅሊናዋ እንዳይቆረቁራት አባ ጌራሲሞስን ጠየቀች። የደብሩ ቄስ ናቸው፤ በዚያችም ሰዓት ኪዮስኩ ፊት የቆሙት ቀዩን ፓኬት ሊገዙ ነበር።

«ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?» አሏት።

«ሲጋራ አፌ አይገባም ብዬ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው አይግባ። ያኛውን ግን ለመሻገሪያ ያዢው እንጂ እንዳትወጂው» አሉና የራሳቸውን ፓኬት ከቀሚሳቸው ኪስ ከተቱ። ወደ ባሕሩ ዞር ብለው ነው የከተቱት።

ቬፕ የምትሸጠው ዮርዳና ናት፤ ሱቋ ከወደቡ ጀርባ ነው። ራሷም አጫሽ የነበረች፣ ድምፀ ጎርናና፣ አንዴ ከጀመረች የማታቆም ሴት ናት። ያወጣችላት ዕቃ እንደ አውራ ጣት የወፈረች ጥቁር ዘንግ ነበረች። ታችዋ ባትሪ ነው፣ ላይዋ ፈሳሽ የሚይዝ የመስታወት ብልቃጥ። በብልቃጡ መሃል ኮይል የሚሏት ትንሽ የብረት ጭንቅላት ትገባለች፤ በውስጧ ጥጥ አለ፣ ጥጡ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ጥጡ ያቀፈው ሽቦ ሲግል እንፋሎት ይወጣል። ኮይሏ ስታረጅ ተጥላ አዲስ ትተካለች። ዮርዳና ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችና የመጀመሪያዋን ኮይል በገዛ እጇ አስገባች፣ የበለስ ጣዕም ያለውን ፈሳሽ ሞላች። ከዚያ ዕቃዋን ባንኮኒው ላይ አቁማ ስለ ልጇ ሠርግ ማውራት ጀመረች። ሙሽራው፣ ቀሚሱ፣ ያልመጡት ዘመዶች፣ የተረፈው ሥጋ። ኤቫንቲያ መሄድ እየፈለገች በግድ አዳመጠቻት። በመጨረሻ ዮርዳና ዕቃዋን አነሳችና፣ አሁን ሳቢ አለቻት።

ኤቫንቲያ ሲጋራ እንደምትስበው በኃይል ሳበች፣ ጉሮሮዋን ይዛ ሳለች።

«እንደ ሲጋራ አይደለም፣ እህቴ» አለች ዮርዳና። «የሚያቃጥል ሾርባ በማንኪያ ጫፍ እንደምትቀምሺ፣ ቀስ ብለሽ።»

ቀስ ብላ ስትስብ መልካም ሆነ። ሲጋራ አይደለም፣ ግን ደረቷ ውስጥ የሚቆጣውን ነገር ዝም ያሰኘዋል። ደስ ብሏት ሄደች።

ደስታዋ አልቆየም። መጀመሪያ ዕቃዋ አፈሰሰች። ኤቫንቲያ እንደ ሲጋራ ፓኬት ሽርጥ ኪስ ውስጥ አጋድማ ስለከተተቻት ብልቃጡ አንጠባጠበ፣ ሽርጡ በበለስ ሽታ ራሰ፣ የወደቡ ተርብ ሁሉ ተሰብስቦ መጣ። ሰው ጋዜጣ ሲጠይቃት በአንድ እጇ ተርብ እያባረረች በሌላው ትሰጣለች። ቀጥሎ ባትሪው ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሞተባት። ኪዮስኳ አንድ ሶኬት ብቻ ስላላት ያለውን ነቅላ ቻርጀሩን ሰካች፤ የነቀለችው የአይስክሬሙ ፍሪጅ መሆኑን ያወቀችው አንዲት እናት ለልጇ የገዛችው አይስክሬም ከነወረቀቱ ሲታጠፍ ነው። ማብሪያ ቁልፏም አለች፤ ደጋግመው ከነኳት ዕቃዋ ትዘጋለች። ኤቫንቲያ በተናደደች ቁጥር ደጋግማ ትነካለች፣ ከዚያ ተበላሸች ብላ ትሳደባለች።

ስትራቶስ ታክሲውን ከኪዮስኩ ፊት አቁሞ ይህን ሁሉ ያያል። እሱም ከዱሮ ጀምሮ አጫሽ ነው፣ ያውም የማይተው። አንድ ቀን ዕቃዋ ብልቅልቅ የሚል ድምፅ ስታሰማ ጆሮውን አቅርቦ አዳመጠ።

«እትዬ ኤቫንቲያ፣ ዋሽንትሽን ጉንፋን ይዟታል።»

«መኪናህን ሳል ከያዛት ዓመት አልፏታል፤ ማን ተናገረህ?»

«የእኔዋ ሳል ብትይዛትም ትሄዳለች።»

«ይቺም ትሄዳለች» አለችው።

ሄደችም። ኤቫንቲያ ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየችም፣ ከዕቃ ጋር ግን መሸነፍ አታውቅም። ያንን የኪዮስክ በር እንኳ ከተጣመመ ወዲህ በጉልበቷ እየገፋች የምትዘጋው እሷ ናት። ዕቃዋን ከእንግዲህ አላጋደመቻትም፤ ከገንዘብ መሳቢያው አጠገብ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ አቆመቻት፣ ማፍሰሱ ቀረ። የሶኬት መከፋፈያ ገዛች፣ አይስክሬሙም ዳነ። ስትናደድ ቁልፏን ከመንካት ፈንታ ከስትራቶስ ጋር መጨቃጨቅ ለመደች። በጋው ሲጋመስ ሰፈርተኛው ጣቷን ማየት ትቶ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልገባ አላት፤ ኮይል መቀየሩ። ዮርዳና ያስገባቻት የመጀመሪያዋ እስክታረጅ ድረስ ምንም አልሆነች። ኤቫንቲያ ራሷ የቀየረቻቸው ግን ገና በመጀመሪያው ስበት የተቃጠለ ጨርቅ ጨርቅ ይላሉ። ጉሮሮዋን ይልጣታል፣ ያ ጣዕም ከዚያ በኋላ ኮይሏ እስክትጣል አይለቅም። ወደ ዮርዳና ሄዳ እንዳትጠይቅ፣ አንዴ ስላሳየቻት ነገር ሁለተኛ መጠየቅ አሳፈራት፤ የልጅቷን ሠርግ እንደገና ለመስማትም ጉልበት አልነበራት። ኮይሎቹ ርካሽ ስለሆኑ ነው ብላ የቃጠሎውን ጣዕም እያመረረች ቻለችው። ብዙ ነገር ችላለች፣ ይሄንንም ቻለች።

የእመቤታችን በዓል ዋዜማ ደረሰ። ዮርዳና ለበዓሉ ወደ አገሯ ስለምትሄድ ሱቋን ዘግታለች። ኤቫንቲያ አስቀድማ ሁለት ኮይል ገዝታለች፣ ፈሳሹን ግን ረስታ ነበር፤ ከጠርሙሱ ሥር ጥቂት ብቻ ቀርቷል። በዓሉ እስኪያልፍ እንዲያዳርሳት ምን እንደምታደርግ ስታስብ የቤታቸው ቀንዲል ትዝ አላት።

በእነሱ ቤት፣ በሰፈሩም ቤት ሁሉ፣ ከሥዕሉ ፊት የብርጭቆ ቀንዲል ይበራል። ከሥር ውሃ ይደረጋል፣ ዘይቱ በላዩ ይንሳፈፋል፣ ክሩ ዘይቱ ላይ ይዋኛል። ዘይት ሲያንስ ውሃ ይጨመራል፤ ዘይቱ ከፍ ብሎ ክሩ ዘንድ ይደርሳል። እናታቸው በዚያ በችግሩ ዘመን በዚህ ዘዴ ነበር ቀንዲሉን ሳታጠፋ የከረመችው። ኤቫንቲያም ምን ልዩነት አለው ብላ ከምትሸጠው ውሃ ብልቃጡ ውስጥ ጨመረች፤ ውሃው ከሥር ሆኖ ፈሳሹን ወደ ላይ የሚገፋላት መስሏት።

ፈሳሹ ዘይት አልነበረም። ከውሃው ጋር ተዋህዶ ቀጠነ። ስትስበው ዕቃዋ ተንፈቀፈቀች፣ ከዚያ የፈላ ጠብታ ምላሷ ላይ ተፋችባት። ወደ ታሶስ ደሴት የሚሻገር መንገደኛ ተሰልፎ ውሃና ብስኩት ይጠብቃል። ኤቫንቲያ ምላሷን እየላሰች ብልቃጡን ደፋች፣ አጠበች፣ ከቀራት ፈሳሽ ትንሽ አደረገች፣ ከሁለቱ አንዷን ኮይል አስገብታ ወዲያው ሳበች። ተቃጠለች። ያ የጨርቅ ጣዕም፣ ከዱሮው የባሰ። ስትራቶስ ከሰልፉ ጎን ቆሟል፤ ሊስቅ አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ ዘጋው።

አሁን የቀራት አንዲት ኮይል ናት። እሷም ከተቃጠለች በዓሉ እስኪያልፍ ባዶ እጇን ነው።

ሰልፉን ጨረሰች። ሰው ሲሄድ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሄደ፤ ማንም ምንም አልጠየቃትም፣ እሷም አላዘዘችውም። ነጩን ፓኬት ይዞ መጣ። ላስቲኩን ላጠችው። ክዳኑን ከፈተች፣ ብርማዋን ወረቀት ቀደደች። የትምባሆው ሽታ ሲወጣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ስትራቶስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ኤቫንቲያ፣ ነገ እኮ ነው» አላት።

«አውቃለሁ።»

«አይ፣ ካወቅሽ ብዬ ነው።»

ፓኬቱን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች፣ በሩን በጉልበቷ ገፍታ ዘጋች፣ ደረጃውን ይዛ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣች። ሁሉም ነገር ሰልችቷት ነበር፤ ዕቃው፣ ስለቱ፣ ነገ ሰው ፊት መቆሙ። ቤት ስትደርስ ሞርፉላ ያቺን የብር ልብ በሻሽ እየወለወለች አገኘቻት። ሞርፉላ ደረቷ ከተከፈተ ወዲህ እጇን ወደ ላይ ማንሳት ስለሚያማት ለዋዜማው ቀንዲሉን እንድታበራ ታናሿን ትጠብቅ ነበር።

ኤቫንቲያ ወንበር ላይ ወጣች። ውሃውን አደረገች፣ ዘይቱን አደረገች። አዲስ ክር አውጥታ ማንሳፈፊያው ላይ ሰካችና ወዲያው ክብሪት ለኮሰችበት። ክሩ አልበራም። ጠቆረ፣ ጨሰ፣ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለች ሞርፉላ ከታች። «ክሩ ዘይት ሳይጠጣ እሳት ትሰጪዋለሽ? መጀመሪያ ንከሪው፣ ተይው፣ ይጠጣ። እናታችን ብታይሽ በጥፊ ነበር።»

ኤቫንቲያ ወንበሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ያንን ሽታ ታውቀዋለች። በጋውን ሙሉ ጉሮሮዋ ውስጥ የነበረው እሱ ነው። ዮርዳናም ትዝ አለቻት፤ ባንኮኒው ላይ የቆመችው ዕቃ፣ ሙሽራው፣ ቀሚሱ፣ የተረፈው ሥጋ። ለካ ያ ሁሉ ወሬ ጥጡ እስኪጠጣ ነበር። ዮርዳና ሳትነግራት አልቀረችም፤ በዚያ አንድ ትንፋሽ ውስጥ የሆነ ቦታ ብላው ይሆናል፣ ማን ሰማት።

«ምን ትገተሪያለሽ፣ ውረጂ እንጂ» አለች ሞርፉላ።

ሌላ ክር አወጣች። ዘይት ውስጥ ነከረችው፣ በጣቶቿ አሸችው፣ ጠበቀች። ከዚያ ለኮሰችው፤ ያለ ጭስ በራ።

ከወንበሩ ወርዳ በረንዳ ላይ ወጣች። ዕቃዋን ፈታ በጨርቅ አደረቀች። የመጨረሻዋን ኮይል አወጣችና ከቀረው ፈሳሽ በጥጧ ላይ ጠብ አደረገች፤ ነጩ ጥጥ ጠጣና ደመነ። እንደገና ጠብ አደረገች። ብልቃጡ ውስጥ አስገባቻት፣ የተረፈውን ሞላች፣ የበረንዳው ጠርዝ ላይ አቆመቻት። የተከፈተውን ፓኬት ከኪሷ አውጥታ ከጎኗ አኖረችው፤ ኪሷ ውስጥ ሆኖ ጭኗን ሲነካት ይብስባታል። ከዚያ እጆቿን ብብቷ ሥር ከታ ተቀመጠች።

ያቺ መጠበቅ ናት የከበደችው። ክብሪቱም እዚያው ነው።

ሞርፉላ በሩን ተደግፋ ወጣች። ፓኬቱን አየች፣ መከፈቱንም አየች።

«አጨስሽ?»

«አላጨስኩም። ተቀመጪ፣ እየጠጣች ነው።»

«ማናት የምትጠጣው?»

«ቁጭ በይና ስለ አንድ ነገር አውሪልኝ። ረጅም ይሁን።»

ሞርፉላ እህቷን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ተቀመጠችና ወሬ ጀመረች፤ ለዚህ ማንም አያህላትም። ነገ ማን ምን እንደሚለብስ፣ ማን ከማን ጋር እንደማይነጋገር፣ የዓሣ ሻጩ ሚስት ስለ ዳሌዋ ያለችውን። ከቤተ ክርስቲያኑ የዋዜማው ደወል ተደወለ፣ ሁለቱም አማተቡ፣ ሞርፉላ ካቆመችበት ቀጠለች። የዓሣ ሻጩ ሚስት ነገር ሲያልቅ ኤቫንቲያ ዕቃዋን አነሳች። ሾርባ እንደሚቀመስ፣ በከንፈሯ ጫፍ፣ ቀስ ብላ ሳበች።

በለስ በለስ አላት። ቃጠሎ የለም፣ ትፍታ የለም፣ ብልቅልቅታ የለም። ሌላ ደገመች። ትከሻዋ ወደ ታች ሲወርድ ሞርፉላ አይታ ወሬዋን አላቋረጠችም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሰው ሞልቶ ነበር። እህትማማቾቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ሞርፉላ በየደረጃው እያረፈች፣ ወጡ። ከሥዕሉ ሥር ሌሎች ሰዎች የሰቀሏቸው የብር ዓይኖች፣ የብር እግሮች፣ አንዲት የብር ጀልባም ነበሩ። ሞርፉላ እጇን ማንሳት ስለማትችል የሰቀለችው ኤቫንቲያ ናት። ሰዉ አያት፣ እሷም ሰዉን አየችው፤ ዓይኗን የምትሰብርበት ምክንያት አልነበራትም።

ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲበተን አባ ጌራሲሞስን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አገኘቻቸው። የቀሚሳቸውን ኪስ አንድ በአንድ እየዳበሱ ነበር። ኪዮስኩ ለበዓል ዝግ ነው፤ ቁልፉ የማን እጅ እንዳለም ያውቃሉ። ኤቫንቲያ ነጩን ፓኬት ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው።

ገልበጥ አድርገው አዩት። «ተከፍቷል» አሉ።

«ተከፍቷል፣ አባ። ግን ሙሉ ነው።»

ክዳኑን ገልጠው ወደ ውስጥ ተመለከቱና መልሰው ዘጉት። ወደ አፋቸው አላስጠጉትም፤ መዳፋቸው ላይ ይዘውት ቆዩ። ከዚያ ያቺ ዕቃ ለሽማግሌ ሰው ታስቸግር እንደሆነ ጠየቋት፤ የሷ ስትቃጠልና ስትተፋ እንደነበር ከስትራቶስ መስማታቸውን፣ ዝም ብለው ለማወቅ ያህል እንደሚጠይቁ ነገሯት።

«አሁን አትቃጠልም» አለቻቸው ኤቫንቲያ። «ሰኞ ኪዮስክ ይምጡና አሳይዎታለሁ። ግን ጊዜ ይዘው ይምጡ፤ መጀመሪያ ጥጡ መጠጣት አለበት። እስኪጠጣ ድረስ ሞርፉላ ታወራልናለች።»